ድመት አይሸጥም

ይታይሽ ድመት ቤት ልትከፍት ነው ሲሉኝ የሳቅሁትን ሳቅ የወረታ ሰው እስከ ዛሬ አልረሳውም። እኔ ይርገዱ ነኝ፤ ጠላ ነጋዴ፣ ከእሷ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ የምጋራ ጎረቤቷ። ሰው ጨው ይሸጣል፤ በርበሬ ይሸጣል፤ ላምባ በጠርሙስ እየለካ ይሸጣል። ድመት ግን ማን ይሸጣል? ጎረቤት ዘንድ ስትወለድ ጠብቆ፣ ዓይኗን ስትገልጥና ጠንከር ስትል በከረጢት ከትቶ መውሰድ ነው እንጂ። ደግሞ በፎገራ ሕፃን ልጅ ሳይቀር የሚያውቀው ነገር አለ፤ በገንዘብ የተገዛ ድመት አይጥ አይዝም። ከአይጡ ጋር ቁጭ ብሎ ይጫወታል ይላሉ።

«እታለም፣» አልኋት፣ «ከባልሽ ቤት ከወጣሽ ዓመት ሳይሞላሽ የገበያ መሳቂያ ልትሆኝ ነው?»

«አንች ጠላሽን ጥመቂ፣» አለችኝ።

ነገሩ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ይታይሽ ሊቦ አገር አግብታ ነበር። ባሏ ክፉ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም፤ ደግ ነው ያለም አልሰማሁም። ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌ ወጣ፤ በመጨረሻ ልብሷን ጠቅልላ ወረታ መጣች። ያረፈችበት ቤት የታላቅ ወንድሟ የአንለይ ነው። አንለይ ቁሐር ሚካኤል የሚኖር፣ በሬው የጠገበ፣ ጎተራው የሞላ ገበሬ ነው፤ አባታቸው ከሞቱ በኋላ እሷን ያሳደጋት እሱ ነው፤ የዳራትም እሱ ነው። ከተማ ያለችውን ቤት ኑጉን የሚያከማችባት፣ የጭነት መኪና እስኪመጣለት የሚያቆይባት ነበረች።

ቤቱን ሲለቅላት ያላትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ እኔም መስማት አልጠላም።

«እስከ መስከረም ተቀመጭ፣» አላት። «ራስሽን ከቻልሽ እሰየው። ካልቻልሽ ግን ቤቱ ለኑጌ ያስፈልገኛል፤ አንችም የሐሙሲቱን ደረሰን አግብተሽ ትሄጃለሽ። ሽማግሌ ልኮብኛል።»

«ደረሰን እኮ አንድ ቀንም አነጋግሬው አላውቅ ጋሼ።»

«ስትሄጅ ታነጋግሪዋለሽ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።»

ደረሰን እኔ አውቀዋለሁ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ከብቱ ብዙ፣ ጥርሱ ጥቂት የሆነ ሰው ነው። ጠላ ቤቴ ሲመጣ ከመጠጣቱ በፊት ያገሳል፤ ከጠጣ በኋላማ አይነሳ። እና ይታይሽ መስከረም ሲጠባ ወይ በዚህ ቤት ሴትዮ ሆና ትቀራለች፣ ወይ የደረሰን ግሳት እየቆጠረች ታረጃለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

ታዲያ ምን ትሥራ? ጠላ እንዳትጠምቅ እኔ አለሁ፤ ፀጉሯን እነጭላት ነበር። የምታውቀው ቅርጫት መሥራትና ድመት ማሳደግ ነው። ኑግ ያደረበት ቤት መቼም ያለ አይጥ አይሆንም፤ የገባች ዕለት አይጡ ከእሷ ቀድሞ ቤቱን ተከራይቶ ነበር የጠበቃት። ወዲያው ከአንዲት አሮጊት አንዲት እናት ድመት ለመነች፤ ድመቷ ወለደች፤ ልጆቿ ወለዱ። ደግሞ ሐምሌ ላይ የርብ ወንዝ ሲሞላና ሜዳው ሐይቅ ሲመስል፣ በጥቁሩ መረሬ መሬት ስንጥቅ ውስጥ የኖረ አይጥ ሁሉ ወደ ሰው ቤት ይሰደዳል። ባለጎተራው ያለቅሳል፣ የኑግ ነጋዴው ያለቅሳል። ይታይሽ ይህን አየች። እውነት ለመናገር፣ ያየችው ትክክል ነበር፤ ያኔ ግን ብትገድሉኝ እንዲህ ብዬ አልናገርም ነበር።

ቤቱን እንዴት እንዳሰናዳችው ልንገራችሁ። የኑጉ ጆንያ በነበረበት ቆጥ ላይ የጤፍ ገለባ አነጠፈች። በየማዕዘኑ የሸክላ ስባሪ አድርጋ ውኃ ሞላችበት፤ በአንዱ ጥግ አመድ ደፋች፣ ለእዳሪያቸው፤ ያንን አመድ በየማለዳው ትቀይራለች። ከእኔ ቤት የሚሸተው ጌሾ ነው፤ ከእሷ ቤት ግን ምንም አይሸትም። ዓይኗ ያዠባትን ድመት ለብቻዋ ታስቀምጣለች። ጡት ያልተወችውን ማንም ቢለምናት አትሰጥም። ሁሉም ስም አላቸው። አንዷ አመድማ ነበረች፣ ዳለቻ ትላታለች፤ ከሁሉ የምትበልጥ አዳኝ እሷ ናት።

ሰው ግን አልገዛም። እየመጣ ያያል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። «የድመት ነጋዴ!» እያለ። የሚብሰው በነጻ የሚለምነው ነው። አንዱ ነጋዴ፣ «ድመት ይሸጣል ብሎ ማን ነገረሽ? ስጭኝ እንጅ!» ብሎ ጮኸባት። እሷም መስጠት ጀመረች። እኔ በግድግዳው በኩል፣ «ስጭ፣ ስጭ፤ ከዚያ ለደረሰ ራስሽን ትሰጫለሽ!» አልኋት። እሷ እየሠራች ነበር፤ ከሐይቁ ዳር የመጣ ደንገል ቆማምጣ፣ ክዳን ያላት፣ አንገቷ ጠበብ ያለች ቅርጫት።

በማግስቱ የኔታ ገብረ ኪዳን መጡ። የኔታ የደብር መምህር ናቸው፤ አይጥ የዳዊታቸውን ብራና ጠርዙን ጨርሶ ወደ መዝሙሩ እየገባ ነበር።

«ልጄ፣ አንዲት ድመት ባገኝ፣» አሉ። «ግን የተገዛ አይዝም ይላሉና…»

«እኔም አልሸጥልዎትም የኔታ። ድመቷን እሰጥዎታለሁ፤ የምትሄድባትን ቅርጫት ግን ይገዙኛል።»

የኔታ ቅርጫቷን አገላብጠው አዩ። ድመት ወደ አዲስ ቤት ስትሄድ መንገዱን ማየት የለባትም፤ ካየች ትመለሳለች። ይህን የማያውቅ የለም፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ በከረጢት የሚወስዳት። በከረጢት ደግሞ ትታፈናለች፤ ስንቷ በመንገድ ቀርታለች። የይታይሽ ቅርጫት አየር ታስገባለች፣ መንገድ ግን አታሳይም።

«ቅርጫት መሸጥ ነውር የለበትም፣» አሉ የኔታ። «መስጠትም ጽድቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ የሚከለክል መጽሐፍ አላየሁም።»

እኔ በሬ ላይ ቆሜ፣ «አልሸሹም ዞር አሉ!» አልሁ። የኔታ ሳቁ። ይታይሽ ግን ቅርጫቷን አልለቀቀችም።

«የት ታድራለች የኔታ?»

«ማን?»

«ድመቷ።»

የኔታ ግራ ገባቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወታቸው የጠየቃቸው የለም። «መጻሕፍቱ ካሉበት እልፍኝ» አሉ።

«እርጥበት አለው?»

«የለውም።»

«ምን ትቀምሳለች?»

«አይጥ ነዋ!»

«አይጥ ሲያልቅስ? ወተት አለዎት?»

«ልጄ፣ ጾም ሲገባ ከእኔ ቤት ወተት ከየት ይመጣል?»

«እሷ አትጾምም የኔታ።»

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፣» አሉና ከልባቸው ሳቁ። ከጎረቤት ወተት ሊለምኑላት ቃል ገብተው ወሰዷት። ድመቷ የዚያኑ ሳምንት አይጥ በአይጥ ላይ ስትከምር፣ የኔታ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «የተሰጠች ናት፤ የገዛሁት ቅርጫት ነው፣» እያሉ ነገሩ። ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን የይታይሽ በር ተጨናነቀ።

ሁሉም ግን አያገኝም። ይህ ነው ያናደደኝም፣ ያስገረመኝም። አንድ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ሁለት ግልገል ድመት ለጨዋታ ፈልጎ መጣ። «የት ያድራሉ?» አለችው። «ከሞተሩ አጠገብ፣ ይሞቃቸዋል» አላት። ቅርጫቷን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሰውየው ገንዘቡን እንደያዘ ቀረ። እኔም ብቅሌን አይጥ ሲጨርስብኝ ሄድሁ፤ ጎረቤት ነኝ፣ ያለ ቅርጫትም ትሰጠኛለች ብዬ።

«ይርገዱ፣» አለችኝ፣ «ስትናደጅ ምን ትወረውሪያለሽ?»

«ያገኘሁትን» አልኋት። ውሸት አልወድም።

«እንግዲያ አልሰጥሽም።»

አኮረፍኋት። እኔን! ስንት ጊዜ እሳት የተዋሰችኝን! ኩርፊያው ግን ብዙ አልቆየም፤ ሳይናገሩ መኖር ለእኔ ከሁዳዴ ይከብደኛል።

ነሐሴ ላይ አንለይ በበቅሎ መጣ። ጎተራውን አይጥ ፈልፍሎበታል፤ ግን ይህን መናገር ሞት ሆኖበታል። በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየና ፊቱን አጠቆረ።

«የድመት ነጋዴ ወንድም አሰኘሽኝ አይደል?» አላት።

«ቅርጫት ነው የምሸጠው ጋሼ።»

«ያችን አመድማዋን አምጭ።»

«ዳለቻን? የት ታድራለች?»

«ምን አገባሽ! ቤቱ የኔ አይደለም? በቤቴ ያለች ድመት የማን ናት?» አለና አንድ ሽልንግ መደቡ ላይ ጣለ። «እኔ የሴት ምጽዋት አልቀበልም። ይኸው ገዛሁ። ቅርጫትሽንም አልፈልግም።»

ዳለቻን በጋቢው ሸጎጣትና በቅሎው ላይ ወጣ። ዳለቻ ራሷን ከጋቢው አውጥታ ግራ ቀኙን ታያለች፤ ዛፉን፣ ድልድዩን፣ ጉድባውን፣ ሁሉንም። «ኧረ አቶ አንለይ! እባክዎ ፊቷን ይሸፍኗት!» ብዬ ጮኽሁ። እንዳልሰማ ሆኖ ሄደ። ይታይሽ ሽልንጉን ከመደቡ ላይ አላነሳችውም፤ ያን ቀን ቅርጫትም አልሠራች።

ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ማለዳ ብቅሌን ለማየት ክዳኑን ብገልጥ፣ አጠገቡ ዳለቻ ተኝታለች። እስከ ጆሮዋ ጭቃ ናት፤ ርብ የሞላበትን ሜዳ በየት ዞራ እንደመጣች እግዜር ይወቀው። ከእግሯ ሥር አንድ የሞተ አይጥ አለ። እጄ ላይ ማማሰያ ነበር። አልወረወርሁም። እንዲያውም፣ አምላኬ ምስክሬ ነው፣ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኋት፤ ከዚያም ታቅፌ ለይታይሽ ወሰድሁላት።

ይታይሽ ድመቷን አይታ ደስ ያላት ለአንድ አፍታ ነው። ወዲያው ቁጭ አለች።

«አለቀልኝ ይርገዱ፣» አለች።

እውነቷን ነው። በገበያው ቀን ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደረሰ። ሰው ሽልንጉን አላወራ፣ ያልተሸፈነውን ፊቷን አላወራ፤ «የይታይሽ ድመት አታድርም፣ ትመለሳለች» ብቻ ነው ያወራው። ቅርጫቶቹ እንደተደረደሩ ዋሉ። አንዲት ሴት እንዲያውም ቅርጫቷን መልሳ አምጥታ በሩ ላይ ጥላባት ሄደች። ጳጉሜን ገባች፤ መስከረም በር ላይ ቆመ። የደረሰ ሽማግሌዎች ለበዓሉ ማግስት እንደሚመጡ ሰማን። ይታይሽ ልብሷን ማጠብ ጀመረች፤ ሰው ልብሱን አጥቦ ሲያጥፍ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። እኔ በግድግዳው በኩል ዝም አልሁ፤ ዝም ማለቴ እሷን ሳያስፈራት አልቀረም።

አንለይ የመጣው ያን ጊዜ ነው። እኔ ከእሷ ዘንድ ነበርሁ፣ ልብስ እያጣጠፍሁላት። ገና በሩን ሳያልፍ መናገር ጀመረ።

«ድመትሽ ድመት አይደለችም! ሁለት ሌሊት አድራ ጠፋች። አይጡ የሽምብራ ዘሬን ጨረሰው፣ ውኃው ሲሸሽ ምን ልዘራ ነው?»

ይታይሽ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ዝም ለማለት አልተፈጠርሁም።

«አቶ አንለይ፣» አልሁ፣ «እርስዎ ገንዘብ ጣሉ፣ መንገዱንም አሳዩዋት። አንዱ እንኳ ይበቃ ነበር፣ ሁለቱን አደረጉ። የቁሐር ሰው ይህን አያውቅም ቢሉኝ አላምንም። ሽልንግዎ ያው፣ መደቡ ላይ ነው።»

ሽልንጉን አየው። ያ ሁሉ ቀን ማንም አልነካውም፤ ዳለቻ አጠገቡ ተጠቅልላ ተኝታለች። አንለይ ኩሩ ነው፤ ዘሩ ግን እየተበላ ነው፣ ያለ ዘር ደግሞ ኩራት አይዘራም። ሽልንጉን አንስቶ በመቀነቱ ቋጠረና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እሺ፣» አለ። «እንደሰዉ ጠይቂኝ።»

ይታይሽ ቀና አለች።

«የት ታድራለች?»

«ከምድጃው አጠገብ። ቁርበት አነጥፍላታለሁ።»

«ምን ትቀምሳለች?»

«ላሟ በታለበች ቁጥር አረፋው ሳይጠፋ ለእሷ ይቀዳል።»

«ማን ይመታታል?»

«ማንም አይነካትም። ልጆቹን እነግራለሁ።»

«ካልተስማማትስ ጋሼ?»

«ካልተስማማትማ ትመለስ። ምን፣ በገመድ ላስራት ነው? እንስሳም ቢሆን ልብ አለው፤ በግድ ከሰው ቤት ምን ታደርጋለች?»

ይህን ሲል እንደዋዛ ነው፤ ምን እንደተናገረ ያወቀው ቤቱ ጸጥ ሲል ነው። ይታይሽ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ግን አልፈሰሰም።

«ሊቦ ስትድረኝ፣» አለች፣ «የት ታድራለች ብለህ ጠይቀህልኝ ነበር?»

አንለይ የመቀነቱን ቋጠሮ ይነካካል።

«ማን ይመታታል ብለህስ? ከወንድም የሚጠበቅ ምንም አላጎደልህብኝም ጋሼ፤ አብልተህ አሳድገኸኛል። ይህን ግን አልጠየቅህልኝም። ለደረሰም አልጠየቅህ። እኔ ለድመት የምጠይቀውን ለእኔ የሚጠይቅልኝ አጣሁ።»

እኔ ማጠፌን ረሳሁ፤ በእጄ ያለው ቀሚስ የእሷ መሆኑንም ረስቼ አፍንጫዬን ጠረግሁበት። አንለይ መሬት መሬት ያያል። እጁ ትልቅ የገበሬ እጅ ነው፤ የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም።

«አልጠየቅሁም፣» አለ በመጨረሻ።

ይታይሽ ዳለቻን አንስታ ቅርጫቷ ውስጥ አስገባቻት፤ ክዳኑን ገጠመችና አሠረችው። አንለይ ተቀብሎ በጋቢው ሸፈነው፤ በቅርጫቱ ላይ ደግሞ ጋቢ፣ እኔን እያየ፣ አይተሽኛል አይደል እንደማለት። በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ፊቱን ሳይመልስ ተናገረ።

«ለኑጉ ዘንድሮ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። ይህ የድመት ፀጉር አለበት። ለሐሙሲት ሰዎችም እንዳይደክሙ እልክባቸዋለሁ።»

ይታይሽ ቆማ ቀረች። ደስታዋን እንዴት እንደምታወጣው አላወቀችም መሰለኝ፤ አፏ ላይ የመጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ የቅርጫቷን አልከፈልህም።»

አንለይ ዞረ። እስከዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ጥርሱ ደኅና ነው፣ እንደ ደረሰ አይደለም። ሽልንጉን ከመቀነቱ ፈትቶ በእጇ ላይ አኖረላት። መልስ አልጠየቀም፤ እሷም አልሰጠችው፤ ንግድ ነው።

ከሄደ በኋላ ይታይሽ ገለባው ላይ፣ በድመቶቹ መካከል ተቀምጣ እስኪበቃት አለቀሰች። እኔም ሄጄ ያልደፈረሰውን ጠላ አመጣሁላት፤ አብረን ጠጣን፤ እኔም ትንሽ አለቀስሁ፣ ለማገዝ ያህል።

ዳለቻ ከቁሐር አልተመለሰችም። ይህ እንደታወቀ ገበያው ተመለሰ፤ ያች ቅርጫቷን የጣለችው ሴትም መጥታ ወሰደች። እኔን በተመለከተ፣ ይታይሽ ማማሰያውን እንዳልወረወርሁ ሰምታ አንዲት ግልገል ሰጠችኝ፤ ቅርጫቷን ግን አስከፈለችኝ፣ ግድግዳው አንድ ሆኖ ሳለ!

አንለይ በየገበያው ይመጣል። መጀመሪያ የድመቷን ወሬ ይነግራታል፤ ቁርበቱን ንቃ እሱ ራስጌ እንደምትተኛ፣ ሚስቱ እንደተቆጣች፣ እሱም እንደተዋት። ከዚያ መደቡ ጫፍ ላይ ይቀመጥና እንደ ድሮው፣ «አንችስ እንዴት አደርሽ?» ይላታል። ድሮ ይህን ሲል በቅሎውን እየፈታ ነበር፤ አሁን መልሱን እስክትጨርስ ተቀምጦ ይሰማል።